«ጓያ አትብሉ» ስንት ያወጣል?

የሥነ-ምግብ ባለሙያ ነኝ። ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ስሠራ ከሰው ጋር በብዛት ያወያየኝ ምግብ ሥጋም ስኳርም አይደለም። ጓያ የሚባለው ጥራጥሬ ነው።

ከደሴ ወደ አቀስታ ሽቅብ የተጓዘ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በልግ ሲቀር፣ ገብሱን ውርጭ ሲመታው፣ ማሳ ላይ የሚተርፈው እሱ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጥቁር አፈር ላይ ይዘሩታል፣ በቀረችው እርጥበት ይደርሳል። ብዙ አይጠይቅም። ገበያ ላይ ርካሽ ነው፣ ፕሮቲኑም ከሌላው ጥራጥሬ አያንስም። ጣጣው ኦዳፕ የሚባል መርዝ ውስጡ መኖሩ ነው። አልፎ አልፎ የበላ ሰው ምንም አይሆንም። ለወራት ዋና ቀለብ ሲሆን ግን እግር ያሽመደምዳል፣ ከያዘ ደግሞ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ወሎ ውስጥ እንደ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ያኔ የተመቱት ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ገበያ መንገድ ላይ በዱላ ተደግፈው፣ በጣታቸው እየረገጡ፣ ጉልበታቸው እየተጋጨ ሲሄዱ ታያቸዋለህ።

ሥራ ስጀምር ከበላይ የደረሰን ማስተማሪያ ወረቀት ፍሬ ነገሩ አንድ መስመር ነበር፦ ጓያ አትብሉ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ እዚያው ቀረ። ይህን ብዬ ብገባ የመጀመሪያዋ እናት «ታዲያ ምን እንብላ?» ማለቷ አይቀርም። ለዚያ ደግሞ መልስ አልነበረኝም። መልስ የሌለው ክልከላ ይዞ ሰው ቤት መግባት ለእኔ ከሙያ ሥነ ምግባር ውጭ ነው።

ስለዚህ ማስተማሩን ለጊዜው ተውኩትና ሲበስል ማየት ጀመርኩ። ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር እየዞርን ቡና ተጠርተን እንቀመጣለን፣ ምጣድና ድስት እናያለን፣ እንጠይቃለን። እህሉ ከየት መጣ? ከምን ጋር ተፈጨ? ማን ስንት ይበላል? ልጆቹ ከቤት ውጭ ምን ይቀምሳሉ?

አንድ ቀን ያየሁት ብዙ ነገር አሳየኝ። አንዲት እናት የጓያ ንፍሮ ድስቷን ከደጅ አውጥታ በኩበት እሳት ጥዳለች። ክዳኑን ስታነሳ ፊቷን ወደ ጎን አዞረች፣ ልጆቿንም በእጇ ገፋ ገፋ አደረገች። «ሂዱ ከዚህ! እንፋሎቱ እንዳይነካችሁ!» የጓያ እንፋሎት እግር ይሰብራል የሚለው እምነት አገር ያወቀው ነው። ገለባውን መርገጥም የሚፈራ አለ። በዚያው ቅጽበት ትልቁ ልጇ ከብት አግብቶ መጣ። ኪሱ በጓያ ቆሎ ተወጥሯል፣ እየቆረጠመ ነው። እሷ ዓይኗ ድስቱ ላይ ነው። ኪሱን አላየችውም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «እንፋሎቱን ይፍሩት፣ ምን ጎዳህ? ፍርሃቱ ከጓያ ካራቃቸው ጥሩ አይደል?» ይሉኛል። አልስማማም። በውሸት የመጣ ፍርሃት ጠቃሚ ቢመስልም ሰውየውን የተሳሳተ ቦታ ላይ ዘብ ያቆመዋል። እናትየዋ እንፋሎት ስትጠብቅ ቆሎው በኪስ ገባ።

እነ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት የዚሁ የእኛ አገር ነገር ነው። ጓያን በእሸቱ፣ በቆሎ መልክ ወይም በንፍሮ መብላት ለሕመሙ ያጋልጣል። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ የበሉት ላይ ግን ያ ግንኙነት አልታየም። ከእህል ጋር ሲቀላቀል ደግሞ አደጋው ይቀንሳል፤ ጓያ የሚጎድለው ሰልፈር ያለበት አሚኖ አሲድ እህሉ ውስጥ አለ። ሕመሙ በብዛት የሚይዘው ወጣት ወንዶችን ነው። እረኛው ማሳ ለማሳ ሲውል እሸቱንም ቆሎውንም የሚያገኘው ማን እንደሆነ ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ለዚያች እናት ግን ላንሴት አላነበብኩላትም።

«እትዬ፣ እንፋሎቱ የሚሰብር ቢሆን ኖሮ በዚህ ሰፈር ቀድሞ የሚሰበረው ማን ነበር?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «እኛ ነና። ድስት ላይ የምንውል።»

«የተሰበሩትስ እነማን ናቸው?»

ዝም አለች፣ ከዚያ ሳቀች። «ወንዶቹ! ታዲያ እነሱን ምን ነካቸው፣ ወንድሜ?»

«የልጅዎን ኪስ ይዩት እስቲ።»

ከዚህ በኋላ ማብራራት አልከበደኝም። በሌላም ቤት ይህንኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ። መልሱን ራሳቸው ሲያገኙት ከእኔ አፍ ከሚሰሙት ይልቅ ይይዛሉ።

ቀጥሎ የመጣው የውኃ ነገር ነው። ኦዳፕ በውኃ ይሟሟል። ጓያውን አሳድሮ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ወይም በብዙ ውኃ ቀቅሎ መድፋት መርዙን ይቀንሳል። ወረቀት ላይ ቆንጆ ምክር ነው። መሬት ላይ ግን ምንጩ ከገደሉ ሥር ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባ ተሸክሞ ዳገት መውጣት አለ። አንዷ ፊት ለፊት ነገረችኝ፦ «የምደፋው ውኃ የለኝም፣ የምቀቅልበት ኩበትም እንደዚሁ።» እውነቷን ነው። ምክር በነፃ አይደለም፤ ሰጪው አይከፍልም እንጂ ተቀባዩ ይከፍላል። አሁን ማንኛውንም ምክር ከመስጠቴ በፊት ስንት ጀሪካን፣ ስንት ኩበት፣ የማን ጉልበት እንደሚያስወጣ አሰላለሁ። ሙያው ይህን ትምህርት ቤት ቢያስተምረን ጥሩ ነበር። እኛ የተማርነው ካሎሪ መቁጠር ነው።

በዚህ ምክንያት ምክሩን በወጪው ደረደርኩት። መጀመሪያ ምንም የማያስወጣው፦ እሸትና ቆሎ ለልጆች ይቅር፣ በተለይ ለእረኞቹ። ከዚያ ትንሽ የሚያስወጣው፦ ጓያ ብቻውን አይፈጭ፣ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ይሁን፤ ንፍሮው ቀርቶ እንጀራና ቂጣ ይሁን፣ ሽሮም ከሆነ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ይግባበት። መዘፍዘፍ መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ውኃ ቅርብ ለሆነለት ቤት። ሁሉንም በአንድ ቀን አልናገርም። አንዱ ከያዘ ሌላውን ይዤ እመለሳለሁ።

«ከገብስ ጋር ቀላቅሉ» ግን የራሱ ጉድ አለው። ገብስ ቢኖር ማን ጓያ ይበላ ነበር? እዚህ ላይ የእናቲቱ ሥራ ያበቃና የእኛ ይጀምራል። እህሉ፣ በሴፍቲኔትም ይሁን በእርዳታ፣ ሰው ጓያ ላይ ከመውደቁ በፊት መድረስ አለበት። መቼ እንደሚወድቅ በምን ይታወቃል? እኔ ያዋጣኝ ወፍጮ ቤት ነው። ባለወፍጮው ከወረዳውም ከእኔም ቀድሞ ያውቃል። ሴቶቹ ምን ይዘው እንደሚሰለፉ፣ ገብሱ ስንት እጅ ጓያው ስንት እጅ እንደሆነ ዱቄቱ ላይ ያየዋል። ገበያ ላይ ደግሞ የጓያንና የገብስን ዋጋ ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ጓያ ብቻውን የሚያስፈጨው ሲበዛ ሪፖርት እጽፋለሁ።

ሪፖርቱ ሁሌ ተሰምቷል ማለቴ አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት «እስካሁን የታመመ አለ?» ብሎ መለሰልኝ። ሲታመምማ አልቋል! ይሄ ሕመም ከመጣ በኋላ ምላሽ የሚሰጡት ዓይነት አይደለም። እህሉ አንዳንድ ዓመት በጊዜ ደረሰ፣ አንዳንድ ዓመት ዘገየ። ባለሙያው መሄድ ያለበት ታች ብቻ አይደለም፣ ወደ ላይም መጨቅጨቅ አለበት። ታች ላለችው እናት ምክር፣ ላይ ላለው ደግሞ ዝምታ ከሆነ ጥፋቱን ድሃዋ ላይ ጣልነው ማለት ነው።

በሕግ መከልከልስ? ህንድ እ.ኤ.አ. በ1961 የጓያ ሽያጭ ከልክላ ነበር። ገበሬው ግን መዝራቱን አልተወም፤ ምትክ አልነበረውማ። ሰው ጓያን በግድ ሲመገበው ደግሞ ምን እንደሚሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ዛሬ ዩክሬን በሆነው አገር፣ ቫፕንያርካ በሚባል የእስረኞች ካምፕ ታይቷል። ብዙ እስረኞች ሽባ ሆኑ። ምክንያቱ ምግቡ መሆኑን የለየው እዚያው የታሰረ አርተር ኬስለር የሚባል ሐኪም ነው። የሚበላው ሰው ምርጫ ከሌለው ጥያቄው የሚቀርበው ቀለቡን ለያዘው ነው። ኬስለርና ጓደኞቹ አንበላም ብለው ያመጹት በጠባቂዎቹ ላይ ነበር።

ደሴ ከተማ ስወርድ «ስኳሬን እንዴት ላውርደው?» የሚለኝ አለ፣ ደጋ ስወጣ ጓያ ይጠብቀኛል። ሙያው አንድ ነው፣ የማነሳው ጥያቄም አንድ ነው፦ ይህ ሰው ከምን ውስጥ ነው የሚመርጠው?

አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ የመጡ እንግዶች ይዤ ስሄድ በዱላ የሚሄደውን ጎልማሳ ፎቶ ማንሳት የማይፈልግ የለም። ወሎ በ1966ቱም በ1977ቱም ረሃብ ፎቶ ስትነሳ ኖራ ሰልችቷታል። ስለዚህ እንግዳውን መኪና ውስጥ አስቀምጬ መጀመሪያ ብቻዬን እሄዳለሁ፣ ሰውየው እንቢ እንዲለኝ በሚመች አማርኛ እጠይቃለሁ። «አይ፣ ይቅርብኝ» ካለ በቃ፣ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። እንግዳው ሲያኮርፍ አይቻለሁ፣ ያኩርፍ።

መርዙ ያነሰ ዘርም ወጥቷል፣ ዋሴ የሚባል። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን የመርዙ መጠን ከዘሩ ሌላ በአፈሩና በድርቁም ስለሚለዋወጥ «እንግዲህ እንደፈለጋችሁ ብሉ» አልልም። ዘሩን የወሰዱትንም ከገብስ ቀላቅሉ ነው የምላቸው።

ዘንድሮ ወደዚያ አካባቢ የምትመደቡ ጀማሪዎች ካላችሁ ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት ወፍጮ ቤት ሂዱ። ጠዋት፣ ሰልፉ ሳያልቅ። ባለወፍጮው መጀመሪያ ላይ የግብር ሠራተኛ መስላችሁት ይደነግጣል፣ ስለዚህ ጤና ኤክስቴንሽኗን ይዛችሁ ሂዱ።