አራተኛው ቤት፦ ሥራውን ከበሩ ስጀምር

ለጠረጴዛ የጦርነት ጨዋታ የሚሆኑ ትንንሽ ቤቶችን መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ አራተኛውን ባለፈው ሳምንት ጨረስኩ። ጣሪያው የሚነሳ፣ ባለ አንድ ክፍል የድንጋይ ቤት ነው። ከሦስቱ የተሻለ የሆነው ከሁሉ በፊት በሩን ስለሠራሁ ይመስለኛል።

በቀደሙት ቤቶች መጠኑን ያወጣሁት በስሌት ነበር። 28 ሚሊ ሜትር የሚባሉት የጨዋታው ትንንሽ ወታደሮች ከእውነተኛው ሰው ጋር ሲነጻጸሩ በግምት 1 ለ 56 ስለሆኑ፣ 2 ሜትር ከፍታ ያለው በር 36 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ቢሆንም ወታደሩ በሩ ላይ ሲቆም ጎንበስ ሳይል የሚገባ አይመስልም። ወታደሩ የተጣበቀበት መቆሚያ ብቻውን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ 28 የሚለው ቁጥርም ብዙ ጊዜ የሚለካው እስከ ዓይኑ ድረስ ስለሆነ የራስ ቁሩ ከዚያ በላይ ይቀራል። ስለዚህ በዚህኛው ቤት አንድ ወታደር ካርቶን ላይ አቁሜ በሩን በዙሪያው በእርሳስ ሣልኩ፤ ከፍታው 42፣ ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር ሆነ። 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መቆሚያ ሳይነካካ ያልፍበታል። የመስኮቱንም የግድግዳውንም ልክ ያወጣሁት ከዚሁ በር ተነሥቼ ነው።

ለግድግዳው 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ጥቅጥቅ ያለ ፎም ተጠቀምኩ፤ ነጫጭ ፍሬ ያለው ተራ ፎም ሲቆረጥ ስለሚፈረፈር ለዚህ ሥራ አይመችም። የድንጋዮቹን መጋጠሚያ መጀመሪያ በእርሳስ ሣልኩ፤ ቀጥሎም በእስክሪብቶ ጫፍ እየተጫንኩ አጠለቅሁት፤ በመጨረሻም የተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል አድቦልቡዬ ፊቱን ደጋግሜ ስጫነው የድንጋይ ሸካራነት ወጣለት። ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ማዕዘኑ ነው። በአንዱ ግድግዳ ላይ የተሰመረው መስመር ዞሮ በሌላኛው ላይ ካልቀጠለ፣ ድንጋዩ ወረቀት ላይ የታተመ ይመስላል። ስለዚህ የማዕዘን ድንጋዮቹን በአንድ በኩል ረጅም፣ በሌላው በኩል አጭር፣ በቀጣዩ ረድፍ ደግሞ በተቃራኒው እያደረግሁ አፈራረቅኋቸው፤ በእኔ ግምት ለቤቱ ከዚህ የበለጠ ክብደት የሰጠው ነገር የለም።

ሁለተኛው ቤቴ የተበላሸው ስፕሬይ ቀለም በቀጥታ ፎሙ ላይ በመንፋቴ ነበር። በቀለሙ ውስጥ ያለው ማሟሚያ ፎሙን ስለሚበላው ግድግዳው በደቂቃዎች ውስጥ ጎድጉዶ አየሁት። አሁን ነጭ የእንጨት ኮላና ጥቁር አክሪሊክ ቀለም ቀላቅዬ ሁለት ጊዜ እቀባዋለሁ፤ በየመጋጠሚያው ውስጥ በብሩሽ ካልተገፋ ግን ክፍተት ይተዋል። ወለሉን ከካርቶን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ቀይሬዋለሁ፤ ካርቶን እርጥብ ኮላ ሲነካው ይጣመማል።

የጣሪያውን ክዳን ከቀጭን ካርቶን ቆርጬ፣ ዝናብ እንዲያወርድ በእውነተኛ ቤት እንደሚደረገው ሁሉ ከታች ወደ ላይ አንዱን በሌላው ላይ አነባበርኩት። ቀለሙን ስቀባም የውኃውን መንገድ ተከተልኩ። በጥቁሩ ላይ ግራጫ ቀለም በደረቅ ብሩሽ በስሱ ከቀባሁ በኋላ፣ በውኃ የቀጠነ ቡናማ ቀለም ከመስኮቱ ደፍ ሥር ወደ ታች አወረድኩ፤ የግድግዳውን እግር በአረንጓዴ አደበዘዝኩት፤ የጣሪያው ጠርዝ የሚከልለውን የላይኛውን ክፍል ግን ሳልነካ ተውኩት። ቀድሞ እድፉን በሁሉም ቦታ እኩል እበትነው ስለነበር ቤቱ ያረጀ ሳይሆን የቆሸሸ ይመስል ነበር።

አምስተኛው ቤት ፎቅ ይኖረዋል፤ የደረጃው ነገር ግን ገና አልተፈታልኝም። እውነተኛ ደረጃ መርገጫው 28 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በዚህ ልክ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን፣ 25 ሚሊ ሜትሩ መቆሚያ ሊያርፍበት አይችልም። መሐል ላይ ሰፊ ማረፊያ ብሠራለት ወታደሩ ይቆም እንደሆነ በካርቶን እየሞከርኩ ነው።