ከተዝካሩ በፊት ድንበሩ

በእኛ አገር ድንበር የሚገፋ ሰው በአንድ ቀን አይገፋም። በሁለት ማሳ መካከል ያለችው፣ ሣር የበቀለባት ወሰን፣ የእርሻ ወራት በመጣ ቁጥር በአንድ ትልም ትቀጥናለች፤ ማረሻው ሥሯን ይነካዋል፣ ጓሉ ይገለበጣል፣ ሣሩ ይደርቃል፣ በዓመቱ ጤፍ ሲዘራበት ያ ቦታ ከጥንትም የማሳው አካል የነበረ ይመስላል። አራሹ ቢጠየቅ በሬው ሳተብኝ ይላል። ዓመት ከዓመት ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚስት በሬ ግን በምሥራቅ ጎጃምም ሆነ በምዕራብ ጎጃም እስካሁን አልታየም።

ኃጢአት ሲባል አእምሯችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ነፍስ ማጥፋት፣ ወደ ዝሙት፣ ወደ ስርቆት ነው። እኔ በድንበር የጀመርሁት፣ በገጠሩ ጎጃም ጨዋ ሰው፣ ጾመኛ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሰው ሳይደነግጥ የሚሠራው ኃጢአት ይህ ስለሆነ ነው። ዋናው እርሻ የሚታረሰው ጾመ ሐዋርያት በሚጾምበት በሰኔ ወር መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። ይህን የምለው ለመሳለቅ አይደለም፤ የዚያ ሰው ጾም እውነተኛ ጾም ነው፣ ረኃቡም እውነተኛ ረኃብ ነው። ለነፍስ አባቱ ሲናዘዝ ግን በሚካኤል ዕለት በሬ መጥመዱን ይናገራል፤ ማክሰኞ ዕለት የጎረቤቱን መሬት ማረሱን አይናገርም። ብዙዎቹ ሆን ብለው የሚደብቁም አይመስለኝም። ክፋት በትንሽ በትንሹ ሲመጣ ኅሊናም በትንሽ በትንሹ ይለምደዋልና፣ ከጊዜ በኋላ የሚናዘዙት ነገር እንዳለ እንኳ አይታያቸውም።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን ጉዳዩን በዝምታ አላለፈውም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 27 ሕዝቡ አሜን እያለ ከሚቀበላቸው እርግማኖች አንዱ የባልንጀራውን የድንበር ምልክት በሚነቅል ሰው ላይ የተነገረ ነው፤ የተቀመጠውም ጣዖት ከሚሠራውና አባትና እናቱን ከሚያቃልለው ቀጥሎ ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የአክዓብ ታሪክ ነው።

ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ተመኘ፤ ናቡቴም የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ይህን መልስ ለጎጃም ገበሬ መተርጐም አያስፈልግም። የ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ካደረገ፣ የ1989ኙ ሽግሽግም ይዞታን እንደገና ከከፋፈለ በኋላ እንኳ፣ አባት ያረሰው መሬት በሰው ልብ ውስጥ ርስት እንደሆነ ቀርቷል። ሚስቱ ኤልዛቤል ሐሰተኛ ምስክር አቁማ ናቡቴን በድንጋይ አስወገረችው፤ አክዓብም ወርዶ የወይኑን ቦታ ያዘ። ነቢዩ ኤልያስ መጥቶ ሲገሥጸው ልብሱን ቀደደ፣ ማቅ ለበሰ፣ ጾመ። እግዚአብሔርም መዋረዱን አይቶ ክፉው ነገር በእርሱ ዘመን እንዳይመጣ፣ ነገር ግን በልጁ ዘመን እንዲመጣ ተናገረ። ታሪኩን ደጋግሜ ሳነበው የማጣው ነገር አንድ ነው፦ አክዓብ የወይኑን ቦታ መለሰ የሚል ቃል የለም። ጾሙ ተቆጥሮለታል፤ መሬቱ ግን በቤቱ ቀርቷል። በኋላም ልጁ ኢዮራም በጦር አለቃው በኢዩ እጅ ሲገደል ሬሳው የተጣለው በዚያው በናቡቴ እርሻ ላይ ነው።

ይህን ታሪክ በቃል ሳይሆን በሥራ የተረጐመ አንድ ሰው በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነማይ በኩል አውቃለሁ። አባቱ ሞተው ቤተሰቡ ለአርባ ቀን ተዝካር ይዘጋጃል፤ ጌሾው ተወቅጧል፣ ፍሪዳው ታስሯል፣ ካህናቱ ተጠርተዋል። በዚህ መካከል ታላቁ ልጅ እኅትና ወንድሞቹን ሰብስቦ፣ አባታችን ከታችኛው ማሳ በኩል የገፉት ድንበር ሳይመለስ ድግሱ አይደገስም አለ። በልጅነቱ ከአባቱ ኋላ እየተከተለ ጓል ይመታ ስለነበር ነገሩን ከማንም ሳይሰማ ያውቀዋል። እኅቱ ተቆጣች፤ አፈር የቀመሰ ሰው ስም በአደባባይ እንዴት ይነሣል፣ እርሳቸው ተናዝዘው ቆርበው ነው የሞቱት አለች። እርሱም፣ ነገሩን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ የማያውቅ መስሎ የኖረው የእኛ ቤት ብቻ ነው ብሎ መለሰላት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎችን ይዞ ወደ ማሳው ወረደ። ጎረቤቱን፣ «አያ፣ አባታችን የያዙብዎት ይኸው ነው» ብሎ በጎን ያለውን ቁራጭ በእግሩ እየለካ አሳያቸው። ስፋቱ ወደ አራት ክንድ ይሆናል፤ ርዝመቱ ግን እስከ ወንዙ ይወርዳል። የድንበሩን ድንጋይ በዶማ ፈንቅለው ሲያነሡት ከሥሩ ያለው አፈር ገና ጥቁርና ልል ነበር፤ ድንጋዩ ከሰውዬው ጋር አብሮ ሲጓዝ መኖሩን ለማወቅ ምስክር አላስፈለገም። ወደ ቀድሞ ቦታው ወስደው ሲተክሉት ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ልጁም ጎንበስ ብሎ የጎረቤቱን ጉልበት ሳመ።

ጎረቤቱ መሬቱን ተቀበሉ፤ ወደ ተዝካሩ ግን አልመጡም።

በዚህ ምክንያት ሰፈሩ ብዙ ወቀሳቸው። ድንበሩ ተመልሶላቸው፣ ጉልበታቸው ተስሞ፣ ከዚህ በላይ ምን ፈለጉ ተባለ። የእኔ ሐሳብ ከሰፈሩ ይለያል። የተወሰደን ነገር መመለስ ዕዳ መክፈል ነው፤ ዕዳውን የከፈለ ሰው ደግሞ በደረሰኙ ላይ ይቅርታ ተጽፎ እንዲሰጠው ማስገደድ አይችልም። ቀራጩ ዘኬዎስ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ሲል ተበዳዮቹ ሁሉ መጥተው ይሳሙኝ የሚል ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም። የአሥር ሺሁ መክሊትና የመቶው ዲናር ምሳሌ በማቴዎስ ወንጌል የተነገረው ለእኛ ለራሳችን ስለተደረገልን ምሕረት እንድናስብ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ብዙ ጊዜ የተበደለውን ሰው ለመጎሸም እንጠቀምበታለን። «በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ጸሎት በየዕለቱ ከአፋችን የማይጠፋው፣ ይቅር ማለት በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ሥራ ስላልሆነ ይመስለኛል። በማኅበራችንም ቢሆን የተጣሉ ሰዎች ሳይታረቁ ጽዋ እንዳይጠጡ የማኅበሩ መሪ ሙሴው ሲያስታርቃቸው፣ አንዳንዱ በዚያው ዕለት ይስቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ይታረቅና ወራት ፊቱን አይፈታም። ሁለተኛውን ግብዝ ማለት አልደፍርም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአገራችን ላይ በወረደው የጦርነት መከራ ልጁን የቀበረ ሰው ደግሞ ከዚህ የከበደ ነገር ተሸክሟል፤ እርሱን ቶሎ ይቅር በል ለማለት ለራሴ ሥልጣን አልሰጥም። አብሬው ኪርያላይሶን ማለት ግን እችላለሁ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ጥያቄ አለ፤ መመለስ የማይቻልስ ሲሆን? የተበደለው ከሞተ፣ የተበላው ካለቀ፣ የተነገረው ሐሜት በአገር ከተበተነ ምን ተስፋ አለ? ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ነገሩን ለእርጅና ያስተላልፈዋል፤ ቆብ ስደፋ፣ ስመነኩስ እቆርባለሁ ይላል። በየደብሩ በቅዳሴ ጊዜ ለመቁረብ የሚቀርቡት በአብዛኛው ሕፃናትና አረጋውያን መሆናቸው ከዚህ ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ትሕትና የሚመስል፣ ውስጡ ግን ተስፋ መቁረጥ ያለበት ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምሕረትን ጉልበት ላለቀበት ሰው ብቻ የተተወች ያደርጋታልና።

በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ምንም የሚመልሰው አልነበረውም። እጁ ተቸንክሯል፣ የዘረፋቸው ሰዎች በሥፍራው አልነበሩም፣ የንስሐ ቀኖና የሚፈጽምበት ዕድሜም አልቀረለትም። አስበኝ አለ፤ በዚያው ቀን ገነት ተሰጠው። የስቅለት ዕለት ሲሰግድ የዋለ ሕዝብ ወደ ማታ ተሰልፎ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ጠብጠብ ሲያደርጉትና ስግደት ሲያዝዙት፣ ሁሉም እንደዚያ ሰው ባዶ እጁን መቆሙ ነው። ነገር ግን ወንበዴው ባዶ እጁን የቆመው ስላልቻለ ነው፤ የሚችል ሰው የእርሱን ቦታ ሊሻማ አይገባውም።

ይህን ልዩነት በሚገባ የተረዱ አንዲት እናት አሉ። ባለቤታቸው ከዘመናት በፊት የአንድ ቤተሰብ መሬት ገፍተው ኖረው አርፈዋል፤ ያ ቤተሰብ አገር ለቆ ሄዶ የት እንደገባ አይታወቅም። እሜቴ ነገሩን ለነፍስ አባታቸው ሲናገሩ፣ ካህኑ ከዚያች ቁራጭ የሚገኘውን እህል ለድሆች እንዲሰጡ፣ ባለቤቶቹ ወይም ልጆቻቸው በተገኙ ቀን ግን መሬቱን ራሱን እንዲመልሱ አዘዟቸው። እርሳቸውም አጨዳ ሲደርስ የዚያችን ክፍል ጤፍ ለብቻው አስከምረው ለብቻው ያስወቃሉ፤ በቁና ሰፍረው ሳያስተርፉ ይሰጣሉ። ወደ ወለጋም ሆነ ወደ መተከል ሄዶ የመጣ ሰው ሲያገኙ ስለዚያ ቤተሰብ መጠየቃቸውን አላቆሙም። ባለፈው በጋ ልጆቻቸውን ማሳው ላይ ይዘው ወጥተው፣ የቀድሞው ወሰን በየት በኩል ያልፍ እንደነበር ከላይ እስከ ታች አሳይተዋቸዋል።