ሐይቅ ላይ ጀልባ ለያዛችሁ፦ ስለ ባትሪው እናውራ

እዚህ ወሎ፣ እስጢፋኖስ ገዳም ባለበት ሐይቅ ላይ ጀልባ ከገዛሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሞተሩ ነው፣ ስንት ፈረስ ጉልበት ነው፣ ቤንዚን ምን ያህል ይበላል ምናምን። ስለ ባትሪው የጠየቀኝ የለም። እኔ ደግሞ ማውራት የምፈልገው ስለሱ ነው፣ ምክንያቱም ባትሪ ውድ ነው፣ በደንብ ከያዙት ግን ዓመታት ያገለግላል።

መኪና ላይ ያለው አይነት የሊድ አሲድ ባትሪ ቻርጁ ጎድሎ ሲቀመጥ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ነገር ይጋገርበታል፣ ቶሎ ቻርጅ ከተደረገ ይለቃል፣ ሳምንታት ከቆየ ግን ይጠነክራል፣ ከዛ በኋላ ቻርጀሩ ሞልቷል ቢላችሁም አቅም የለውም፣ ሞተር ማስነሳት ያቅተዋል። ስለዚህ ሳይሰራ ቆሞ የሚያድር ጀልባ ባትሪ ከሚሰራው ቶሎ ሊበላሽ ይችላል።

ብዙ ሰው «ሞተሩ እየሰራ ቻርጅ ያደርገው የለ» ይላል። ያደርገዋል፣ ግን አስሉት። የትንንሽ ጀልባ ሞተር የሚሰጠው በሙሉ ፍጥነት 6 አምፔር አካባቢ ነው፣ ቀስ ብሎ ሲሄድ ደግሞ ከዛም በታች። ግማሹ ያለቀ 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 50 አምፔር ሰዓት ይጎድለዋል፣ እሱን ለመሙላት ሞተሩ ከ8 ሰዓት በላይ መሮጥ አለበት። ሰው ወደ እስጢፋኖስ ገዳም አድርሶ መመለስ ደግሞ አጭር መንገድ ነው፣ በዛ ላይ ጀልባው ውስጥ የገባውን ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ አለ፣ መብራቱ አለ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ይሰካል። ሞተሩ የሚመልሰው ከሚወጣው ያንሳል ማለት ነው።

ደሴ ባትሪ የሚሰሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ ባትሪውን ስገዛ «ልጄ ቴስተር ሳትይዝ እንዳትሄድ» አሉኝ (ቮልት መለኪያውን ነው)፣ እግዜር ይስጣቸው ትልቅ ምክር ነው። ሁሉን ነገር አጥፍታችሁ ባትሪው ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ለኩት፣ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.4 ከሆነ ሩብ ያህል ጎድሏል፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ ከዛ በታች እንዳታወርዱት። ከቻርጀር እንደወጣ ብትለኩት 13 ምናምን ይላችኋል፣ እሱን እንዳታምኑት።

አሁን ዋናው መፍትሄ ሶላር ነው። መብራት ዛሬ አለ ነገ የለም፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ደግሞ 25፣ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ በየጊዜው ተሸክሞ ባጃጅ ላይ መጫን ወገብ ይቆርጣል። 50 ዋት ፓነል ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 12 አምፔር ሰዓት አካባቢ ይመልሳል፣ ለእንደኔ አይነት ጀልባ ይበቃል። ኮንትሮለር ግን ግድ ነው፣ ባትሪውን እስከ 14.4 ቮልት አድርሶ ሲሞላ ወደ 13.6 ዝቅ የሚያደርገው እሱ ነው፣ ያለሱ ፓነሉ ባትሪውን ያፈላዋል ውሃውንም ያደርቀዋል። ስታያይዙ መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ጋር፣ ከዛ ፓነሉን፣ ስትፈቱ በተቃራኒው። ባትሪው አጠገብ ደግሞ ፊውዝ ይኑር። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አታስጠጉ፣ ባትሪ ቻርጅ ሲያደርግ ሃይድሮጂን ያወጣል፣ ሃይድሮጂን ይፈነዳል፣ ወላሂ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሳጥኑ አየር ይኑረው።

ከመስከረም ማለቂያ በኋላ ችግር የለም፣ ክረምት ነው የሚፈትነው። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው አይገፈፍም፣ ፓነሉ ትንሽ ነው የሚሰጠው፣ ዝናቡ ደግሞ ጀልባው ውስጥ ይሞላል፣ ፓምፑ በራሱ እየተነሳ ሌሊቱን ሙሉ ሲጎትት ያድራል። ጀልባውን በላስቲክ ሸፍኑት፣ ይሄ ብቻ ግማሹን ችግር ያቃልላል። ለወር ምናምን የማትጠቀሙበት ከሆነ ጀልባውን ከውሃ አውጡትና ባትሪውን ፈታችሁ (መጀመሪያ ኔጌቲቩን) ቤት ውሰዱት፣ ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። እኛ ሐይቁ አካባቢ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆንን አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ባትሪም በብርድ በራሱ የሚጎድለው በዝግታ ነው። ቢሆንም መብራት በመጣ ቁጥር ለኩት፣ ከ12.5 ከወረደ ሰኩት።

ክዳን ያለው አይነት ከሆነ ውሃውን እዩት፣ ሳህኖቹ መሸፈን አለባቸው። የሚጨመረው ለባትሪ የተጣራ ውሃ ነው፣ አሲድ አይደለም፣ የሐይቁ ውሃም አይሆንም፣ ማዕድኑ ሳህኖቹን ያበላሻል።

አሮጌውን ባትሪ ግን እባካችሁ ዳር ላይ አትጣሉት። ወደ ሐይቃችን ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የአንካርቃ ወንዝ ይገባል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም፣ እርሳሱ ከገባ የሚወስደው ነገር የለም፣ ዓሣውን ደግሞ የምንበላው እኛው ነን። ቁራሌው በኪሎ ይገዛችኋል፣ ባትሪ ሻጮችም ሲለውጡላችሁ አሮጌውን ይቀበላሉ፣ አሲዱን ሳትደፉ እንዳለ ስጧቸው።