ራቢንን ለአባቶችና ለእናቶች በአማርኛ ማውራት

እዚህ እስራኤል፣ ሰፈራችን ውስጥ ከኢትዮጵያ የመጡ አረጋውያን ሞአዶን፣ ማለትም መሰብሰቢያ ክበብ፣ አለ። በወር አንዴ እየሄድኩ ስለ አንድ ሰው በአማርኛ አወራለሁ። ባለፈው ኖቬምበር ተራው የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው የይስሐቅ ራቢን ነበር። ቀላል መሰለኝ። የጦር አዛዥ ነበር፣ ፖለቲካ ገባ፣ ሰላም ሲያመጣ ተገደለ፣ አለቀ። ሁለት ገጽ ጽፌ ሄድኩ።

አልሆነም። ወረቀቴ በ1967ቱ የስድስት ቀን ጦርነት ኤታማዦር ሹሙ ራቢን ነው ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ዘሎ በ1993 ዋይት ሐውስ ከፍልስጤማውያን መሪ ከአራፋት ጋር ሲጨባበጥ ያርፋል። አንድ አባት አቋረጡኝ። "ልጄ፣ ያን ያህል የተዋጋ ሰው ብድግ ብሎ የጠላቱን እጅ ጨበጠ ትይናለሽ። መሃሉ የት ሄደ?" መልስ አልነበረኝም። ደግነቱ ቡናው ደረሰ።

ቤት ገብቼ መሃሉን ፈለግኩ። ብዙው ያለው ዋሽንግተን ነው። ራቢን በ1967 መጨረሻ ዩኒፎርሙን ሲያወልቅ፣ አምባሳደር ልሁን ብሎ የጠየቀው ራሱ ነው። ከ1968 እስከ 1973 እዚያ ቆየ። ለግብዣና ለፈገግታ የተፈጠረ ሰው አልነበረም። ዓይን አፋር ነው፣ ጨዋታ አያውቅም፣ ያሰበውን ፊት ለፊት ይናገራል። የሚፈልገውን ግን ያውቃል። አሜሪካኖቹ 50 ፋንተም ተዋጊ አውሮፕላን ለእስራኤል ለመሸጥ የተስማሙት እሱ እዚያ እያለ ነው። አሜሪካዊውን ዲፕሎማት ኪሲንጀርንም በደንብ ያወቀው ያኔ ነው።

በ1975 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ፣ ኪሲንጀር መሃል ገብቶ ከግብፅ ጋር ሲያደራድረው፣ ማርች ላይ እምቢ አለ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፎርድ ተቆጣ። ሴፕቴምበር ላይ ግን ስምምነቱ ተፈረመ። እሱ ኤታማዦር ሳለ ጦሩ ከያዘው ሲና ውስጥ እስራኤል የሚትላንና የጊዲን መተላለፊያ፣ የአቡ ሩዴስንም ነዳጅ ለቀቀች። የያዘውን መሬት ለስምምነት ብሎ መልቀቅን ራቢን ከአራፋት በፊት 18 ዓመት ቀድሞ ለምዶታል። እኔ ዘልዬው የሄድኩት ይሄንን ነው።

በሚቀጥለው ወር ሰውዬውን እንደገና ይዤው ሄድኩ። አሁን ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ አስቸገረኝ። "በ1974" ስል አንዲት እናት "በማን አቆጣጠር?" አሉኝ። ሰባትና ስምንት እየቀነስኩ ስንተባተብ ሁሉም ጠፋባቸው። ወረቀቱን ተውኩትና "ንጉሡ ሊወርዱ ሦስት ወር ሲቀራቸው ራቢን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ" አልኩ። ወዲያው ገባቸው። ቀጠልኩ። ደርግ በገባ በዓመቱ ግድም፣ በ1975፣ አይሁዳዊ ሁሉ እስራኤል ገብቶ እንዲኖር የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ ለቤተ እስራኤልም ይሠራል ብሎ የወሰነው የእሱ መንግሥት ነው። በ1984 መጨረሻ ከሱዳን በአውሮፕላን ሲያመጧችሁም የመከላከያ ሚኒስትሩ እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል እኔ አይደለሁም ያወራሁት። ሱዳን ከተነሳ ማን ያስቆማቸዋል?

ሌላም እርማት ደረሰብኝ። "ጠቅላይ ሚኒስትር አይደሉም እንዴ? አንቱ በያቸው እንጂ!" ተባልኩ። ዕብራይስጥ አንቱ የለውም፣ እኔም በዚያው ለምጄዋለሁ። ሞአዶን ውስጥ "እሳቸው" ማለት ጀመርኩ፤ እዚህ ግን እሱ ብለው ይቅር ይበሉኝ።

የከበደኝ የሰላሙ ነገር ነው። "ድርድር" ስል የገበያ ይመስላል። "ሽምግልና" አልኩ። ያ መሃሉን የጠየቁኝ አባት ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይደለም። እሱ ደመኛው ነው። ሽማግሌው ያ መሃል የቆመው ፈረንጅ ነው።" የያኔውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ክሊንተንን ማለታቸው ነው። ጎንደር ደም ሲደርቅ ያዩትን ይነግሩን ጀመር፤ ደመኛው ራሱ ካልቀረበ እርቁ አይጸናም አሉ። ያን ፎቶ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ እንዲህ አድርጌ ግን አላየሁትም። አሁን በዕብራይስጥ ሳወራም በዚሁ ነው የማስረዳው።

መጥፎውን ላስቀረው አስቤ ነበር። ሚስቱ ዋሽንግተን ባንክ ውስጥ በነበራት፣ ያኔ የእስራኤል ሕግ በማይፈቅደው የዶላር ሒሳብ ምክንያት በ1977 ከእጩነት መውረዱን፣ በመጀመሪያው ኢንቲፋዳ፣ በፍልስጤማውያን አመፅ ጊዜ፣ ጦሩ ፍልስጤማውያንን በዱላ በመምታቱ እስከ ዛሬ መወቀሱን። ነገርኳቸው። የባንኩን ነገር ሰምተው ሳቁ፤ "ለዚች ብሎ ወረደ?" አሉ። በዱላው ላይ ግን ተከራከሩ፣ እኩሉ ወዲህ እኩሉ ወዲያ። ጥሩ ክርክር ነበር። ለመገላገል አልሞከርኩም።

የተገደለበትን ምሽት፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1995ን፣ እኔ መተረክ አላስፈለገኝም። ብዙዎቹ ያኔ ካራቫን፣ ለአዲስ ገቢዎች በተሰጠው ጊዜያዊ ቤት፣ ውስጥ ነበሩ፤ ሬዲዮውን ማን እንደከፈተ ሳይቀር ያስታውሳሉ።

ስለዚህ በከረባቱ ጨረስኩ። በ1949 ለጦር ማቆም ድርድር ሮድስ ደሴት ሲሄድ ወጣቱ መኮንን ከረባት ማሰር አያውቅም ነበር። ሊገደል ቀናት ሲቀሩት ዋሽንግተን ላይ ጥቁር ከረባት ግድ ወደሆነበት ግብዣ ያለ ከረባት መጣ። ከሰው ተዋሰ፣ ያቃናለት ክሊንተን ነው፤ ቀብሩ ላይ ራሱ ክሊንተን ተናግሮታል።

"ስንት ዓመት ሙሉ ሳይለምደው!" አሉ አንቱ በይ ያሉኝ እናት፣ ስኒያቸውን እያቀበሉኝ።