አራቱ መገናኛ ሲገጥም፦ በእጅ የሚሰፋ ኩዊልት እስካሁን

ሰላም የመርፌና የክር ወዳጆች። ሰሞኑን ያለቀው ባለ ዘጠኝ እራፊ ብሎክ (ዘጠኝ ካሬ እራፊ ሦስት በሦስት የተገጠመበት ቁራጭ) አራቱም መስቀለኛ መገናኛዎቹ፣ ማለትም የአራት ካሬ ማዕዘን የሚገናኝባቸው ቦታዎች፣ ነጥብ በነጥብ ገጥመዋል። ለባለሙያ ይህ ወሬ አይሆንም። ያለ መኪና፣ በእጁ ብቻ እራፊ እየገጣጠመ የአልጋ ልብስ (ኩዊልት) ለመሥራት የሚታገል ሰው ግን ደስታው ይገባዋል። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ አብዛኛው ስለ መገናኛው ነው፤ ሌላውን በጨረፍታ እናልፈዋለን።

ዕቃው ጥቂት ነው። 9 ወይም 10 ቁጥር ቀጭን መርፌ (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መርፌው ይቀጥናል)፣ ክር፣ ስለታም መቀስ፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ እስፒልና ካውያ ይበቃል። ጨርቁን ልብስ ሰፊ ቤት ጠይቁ፤ ከመኪናው ሥር የሚጠራቀመውን ቁርጥራጭ ብዙዎቹ ሳይቸገሩ ይሰጣሉ። ሲያመጡት ግን መለየት ግድ ነው። ጥጥና ተትረን (ፖሊስተር) አንድ ብሎክ ውስጥ አይስማሙም፦ ጥጡ ሲታጠብ ይጠባል፣ ተትረኑ አይጠብም፣ ውጤቱም የተጨማደደ ካሬ ነው። ከዳር አንድ ክር መዛችሁ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይተዋል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ካለ ደግሞ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ደርቦ በካውያ መተኮስ ነው። ነጩ ቀለም ከያዘ፣ እስኪተው ድረስ እጠቡት ወይም ተዉት።

የሐበሻ ቀሚስ ቁራጭ ለማስገባት የሚጓጓ አለ። ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ ስፌቱ ጋ ይተረተራል። ለስፌት የሚተወውን ትርፍ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ካላሰፋችሁ አይያዝም። ጥለቱ ደግሞ ከመደቡ ይወፍራል፤ የብሎኩ መሀል ካሬ ላይ ያምራል፣ ብዙ ስፌት የሚገናኝበት ቦታ ላይ ግን ጉብ ይላል።

አሁን ወደ ጣጣው። ካሬው ተሰፍቶ ሲያልቅ 6 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ከተፈለገ፣ በየጎኑ 7 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተጨምሮ 7.4 ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል። ዘጠኙ ሲገጣጠሙ ብሎኩ ከነዳር ትርፉ 19.4 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለበት። ስፌቱ በየእራፊው 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ እያንዳንዱ ስፌት 2 ሚሊ ሜትር ይበላል። በአንድ ብሎክ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ሁለት ስፌት ስላለ 4 ሚሊ ሜትር ጠፋ ማለት ነው። ስምንት ብሎክ ጎን ለጎን ሲሆኑ 23 ስፌት አለ፤ 4.6 ሳንቲ ሜትር ሄደ።

እንዲያም ሆኖ ሁሉም እኩል ከተሳሳተ ችግር የለም፣ አልጋ ልብሱ ትንሽ ያንሳል እንጂ ይገጥማል። ነገር የሚበላሸው አንዱ ብሎክ 19.4፣ ጎረቤቱ 19 ሲሆን ነው። ያኔ ወይ አንዱን መሳብ ወይ ሌላውን መሸብሸብ ይመጣል። ሁለቱም መጨረሻ ላይ ይታያሉ።

የችግሩ ምንጭ፣ በእኔ እምነት፣ የመኪና ስፌት ምክርን ለእጅ ስፌት መዋስ ነው። ቪዲዮዎቹ ሁሉ «በትክክል ቁረጡ፣ ጠርዙን ተከትላችሁ ስፉ» ይላሉ። መኪና ላይ የጨርቁ ጠርዝ ከመኪናው እግር ጋር ተስተካክሎ ስለሚሄድ ይሠራል። በእጅ ሲሆን ያንን ርቀት የሚጠብቅ ምንም ነገር የለም። ስለዚህ በእጅ የሚሰፋ ሰው የሚያሰምረው የመቁረጫውን ሳይሆን የስፌቱን መስመር ነው። ጠርዙ በመቀስ ቢንሻፈፍም ግድ የለም፤ 6 ሚሊ ይሁን 8 ማንም አያየውም። የእርሳሱ መስመርና አራቱ የማዕዘን ነጥቦች ግን ቀልድ አያውቁም።

መለኪያው እንዲህ ይሠራል። ልክ 6 በ6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ፣ ያለ ምንም ትርፍ፣ ከጠንካራ ነገር ይቆረጣል። ካርቶን ለጥቂት እራፊ ይሆናል፤ ከዚያ ጫፉ በእርሳሱ እየተፋቀ ማዕዘኑ ይዶለዱማል። ከሁሉ የሚሻለኝ አሮጌ የራጅ ፊልም ነው፦ አይበላም፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ ብርሃን ስለሚያሳልፍም አበባውን ካሬው መሀል ማስቀመጥ ይቻላል። ጨርቁ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ይነጠፍ። ይህቺ የምትናቅ ዘዴ ናት፣ ነገር ግን ጨርቁ ከእርሳሱ ጋር እንዳይሳብ የሚያደርገው እሱ ነው። እርሳሱ የተቀረጸ ይሁን፤ ዘንበል ተደርጎ ከመለኪያው ሥር ይሰመር። ደነዝ እርሳስ በየጎኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይጨምራል፣ ግማሹ በሁለት ጎን አንድ ነው፣ ይህም ከላይ ያሰላነውን ስህተት ግማሽ ያህላል።

መለኪያው የሚቀመጠው የጨርቁን ክር አቅጣጫ ተከትሎ ነው። ከልብስ ሰፊ የመጣ ቁራጭ ብዙውን ጊዜ ከብብትና ከአንገት ዙሪያ የተቆረጠ ስለሆነ ጠርዙ አቅጣጫ አይናገርም። በሁለት እጅ ይዛችሁ ሳቡት። በክሩ አቅጣጫ ብዙም አይሳብም፤ በሰያፍ (ክሮቹን አቋርጦ ወደ ማዕዘን) ሲሳብ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ጎኑ በሰያፍ የወደቀ ካሬ በትክክል ቢሰመርም ሲሰፋ ያድጋል።

ከዚያ ሁለቱ እራፊዎች ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ፣ መስመራቸው ወደ ውጭ። የመጀመሪያው እስፒል በላይኛው ጨርቅ የማዕዘን ነጥብ ገብቶ በታችኛው የማዕዘን ነጥብ መውጣት አለበት። ገልብጡና እዩ። ካልወጣ ነቅላችሁ ድገሙት። ሁለተኛው በሌላኛው ጫፍ፣ ሦስተኛው መሀል። ሰነፍ ሰው መሀሉን ይዘላል፤ 6 ሳንቲ ሜትር ላይ ያስኬዳል፣ ከ10 በላይ ሲሆን አያስኬድም።

ክሩ አንድ ክንድ ቢሆን ይበቃል፣ ከዚያ ከረዘመ ይተበተባል፣ ይሳሳልም። ነጠላ ክር ብቻ፣ የታጠፈ አይደለም። ጨርቁ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ መርፌው ሳይጎተት ጨርቁ ይገለበጥና ከኋላ በመስመሩ ላይ መውጣቱ ይታያል። እያንዳንዱ እርምጃ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በየአራት አምስቱ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ስፌቱን ይቆልፈዋል፤ አንድ ቦታ ቢበጠስ ሁሉም አይፈታም። ክሩን ከሳባችሁ በኋላ ስፌቱን በአውራ ጣት ወደ ፊት አሹት። ክር ጠበቅ አድርጎ መሳብ ጥንካሬ የሚመስለው ብዙ ነው፣ ግን የብሎክ ማነስ ግማሹ ከዚህ ይመጣል። ገበያው ላይ የሚበዛው የፖሊስተር ክር በተለይ ሲሳብ ይለጠጥና ሲለቀቅ ጨርቁን ይሸበሽባል። የጥጥ ክር ካልተገኘ በፖሊስተሩ ስፉ፣ እጃችሁን ግን አላሉት። ንጹህ የንብ ሰም ላይ አንዴ ማሳለፍ መተብተቡን ይቀንሳል።

ስፌቱ የሚያበቃው የማዕዘኑ ነጥብ ላይ ነው፣ የጨርቁ ጠርዝ ላይ አይደለም። የዚህ ሁሉ ልፋት ጥቅም የሚታየው እዚህ ነው። ረድፍ ከረድፍ ሲገጣጠም መገናኛው ላይ ስትደርሱ ቆሞ የቀረውን ትርፍ ደፍጥጣችሁ አትስፉበት። እስፒሉ በሁለቱም ነጥብ ማለፉን እዩ፤ ነጥቡ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ መርፌውን በትርፉ ሥር አሾልካችሁ በወዲያኛው በኩል አውጡ፤ እዚያም አንድ ጊዜ ወደ ኋላ። ትርፉ ነጻ ሆኖ ይቀራል። ብሎኩ ተገልብጦ ሲተኮስ አራቱ ትርፎች ተከታትለው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ እንደ ቬንትሌተር ክንፍ፣ ይተኛሉ፤ መሀሉ ላይ ትንሽዬ ካሬ ትከፈታለች። ውፍረቱ ለአራት ስለተካፈለ በኋላ መርፌ በዚያ ሲያልፍ አይታገልም። ትርፉ ተሰፍቶ ከተያዘ ግን ሁሉም አንድ ጎን ላይ ይከመራል፤ መገናኛውም በፊት በኩል ጉብ ይላል።

አተኳኮስም ላይ አንድ ነገር፦ ካውያው ይጫናል፣ ይነሳል። ወዲያና ወዲህ ማሸት ካሬውን ወደ ትራፔዝ ይለውጠዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ብሎኩ ካነሰ ቀድማችሁ አትፍቱ። መጀመሪያ ስፌቱ ጋ ሳይገለጥ የተተኮሰ እጥፋት መኖሩን ተመልከቱ፤ እሱ ብቻውን 1 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። ከዚያ ስፌቱን በርዝመቱ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ጨርቁ ሊዘረጋ እየፈለገ ክሩ ከያዘው ክሩ ጠብቋል ማለት ነው። ሁለቱም ካልሆኑ ነው መስመሩ የሚጠረጠረው። የሚፈታውም ሙሉ ረድፍ አይደለም፤ መገናኛው ላይ ግራና ቀኝ 2 ሳንቲ ሜትር ፈትቶ መድገም ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ማስመር የሚያንገሸግሸው ሰው የወረቀቱን መንገድ ይሞክር፦ ባለ ስድስት ጎን ወረቀት ተቆርጦ ጨርቁ በላዩ ታጥፎ በሽልል (ጊዜያዊ) ስፌት ይያዛል፣ ከዚያ ጠርዝ ለጠርዝ ተገጥሞ ይዘመዘማል። ልኩን የሚጠብቀው ወረቀቱ ስለሆነ መገናኛው ሳይወዱ በግድ ይገጥማል። አበባው አንድ መሀልና ስድስት ቅጠል፣ ቀጣዩ ዙር 12፣ ከዚያ 18 ነው። ለጀማሪ ግን አልመክረውም። እያንዳንዱ እራፊ ሁለት ጊዜ ይሰፋል፣ ትዕግሥቱ አልጋ ልብሱ ሳይደርስ ያልቃል።

«ሳይገጥም ነው የሚያምረው» የሚሉም አሉ፤ ማስረጃቸውም አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባለው መንደር ናት። የጥቁር አሜሪካውያን ሴቶቿ ከአሮጌ የሥራ ልብስና ከጂንስ የሠሯቸው ኩዊልቶች እ.ኤ.አ. በ2002 ሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ቀርበው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006ም በአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ታትመዋል። ሥራዎቹ ድንቅ ናቸው። ነገር ግን በዓይን ልክ መሥራት የራሱ ሥርዓት አለው፦ አንድ ቁራጭ ይሰፋል፣ የተረፈው ይከረከማል፣ ቀጣዩ ለዚያ ልክ ይቆረጣል። እዚያ መግጠም ያለበት መስቀለኛ መገናኛ የለም። በካሬ ጀምሮ ሲያቅት ወደዚያ መሸሽ ሌላ ነገር ነው።

ንብርብሩን (ፊቱን፣ መሀሉንና ገበሩን) ባጭሩ። ገበሩ አቡጀዲ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከፊቱ በየጎኑ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። አስቀድሞ ይታጠብ፤ አዲስ አቡጀዲ ደረቅ ነው፣ ይጠባልም። ለመሀሉ ባዘቶ የሚያስገባ ካለ መደምደሚያ ስፌቱ (ንብርብሩን አንድ ላይ የሚይዘው) ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይራራቅ፣ ያለዚያ ታጥቦ ሲወጣ ተጠቅልሎ ጥግ ይይዛል። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ በእጅ መርፌ አይደፈርም። ያረጀ ነጠላ ግን ይሠራል፤ የባንግላዴሽና የሕንድ ቤንጋሎች ካንታ የሚሉትን ድርብ ልብስ የሚሠሩት ያረጀ ሳሪ ደራርበው፣ መሀሉ ላይ ምንም ሳይጨምሩ ነው። ሦስቱ ንብርብር ወለል ላይ ተወጥሮ፣ ከመሀል ወደ ዳር፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ይሸለላል። ከዳር ከጀመራችሁ ትርፉ መሀል ላይ ይጠራቀማል።

መደምደሚያው ስፌት ላይ እርምጃው አላጥር አለ ብላችሁ አትጨነቁ፤ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ በፊት በኩል አምስት ስድስት ቢታይም ይሁን፣ እኩል ከሆነ ያምራል። አጭር መርፌ ያዙ፣ መሀል ጣት ላይ የጣት ቆብ አድርጉ። ቋጠሮው ደግሞ ፊት ላይ አይቀርም፦ ትንሽ ይቋጠርና ክሩ ሲሳብ በጨርቁ አልፎ «ጠቅ» ብሎ መሀሉ ውስጥ ይቀበራል። ያ ድምፅ ካልተሰማ ወይ ቋጠሮው ትልቅ ነው ወይ ጨርቁ ጥቅጥቅ ያለ ነው።

ጠርዝ ማልበሱ ገና አልጣመኝም፤ ማዕዘኑ ላይ ከዳር 7 ሚሊ ሜትር ሲቀር ቆሞ፣ ጥብጣቡን ወደ ላይ አጥፎ፣ መልሶ ወደ ታች አውርዶ መቀጠል ነው የሚባለው። ለቀጥ ያለ ጠርዝ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በክሩ አቅጣጫ የተቆረጠ ጥብጣብ ለሁለት ታጥፎ ይበቃል። በሰያፍ የተቆረጠው የሚያስፈልገው ዳሩ ክብ ሲሆን ነው። ማዕዘኑን በንጽሕና የሚያወጣ ካለ፣ ከጀርባ በኩል እጥፋቱን በየትኛው ጎን እንደሚያስተኛው ይጻፍልን።