የሜዲትራኒያን የምግብ መጽሐፍ በሐዋሳ ድስት

መጽሐፉ «ሽምብራውን ለአንድ ሰዓት ቀቅሉ» ስላለ ብቻ ሰዓት ቆጥሮ የሚያወርድ ሰው ሐዋሳ ላይ የሚያገኘው ጥርስ የሚፈታተን ሽምብራ ነው። ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም። እነዚያ ልኬቶች የባሕር ዳርቻ ሰው ልኬቶች ናቸው፤ እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ሐዋሳ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳት ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ለጥራጥሬ በሙሉ መጽሐፉ ካለው ሰዓት ላይ ከሲሶ እስከ ግማሽ ጨምሩ፤ ፕሬዠር ድስት ያለው ሰው ደግሞ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ከሽምብራና ከሰሊጥ ቅባት የሚሠራውን ሑሙስ በደንብ የሠራ ሰው የዚህን ማዕድ ግማሹን ስለያዘ ከእሱ እንጀምር። ሥራው ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የሽምብራ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሎሚና ቃሪያ ያለበት ቡቲቻ የቅርብ ዘመዱ ነው። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ሽምብራ አለ፦ ለሽሮ የሚሆነው ትንሹ ቡናማና ትልቁ ነጩ። የትንሹ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ሑሙሱን ያሻክረዋል። ነጩን ውሰዱ፤ ካጣችሁ የሽምብራ ክክ ይሻላል፣ ቆዳው ወጥቷልና።

250 ግራም ሽምብራ በ1 ሊትር ውሃና በግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ እሱ ውስጡ አሲድ ስላለበት የሶዳውን ሥራ አይሠራም። ጠዋት አጥባችሁ በአዲስ ውሃ፣ ሌላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ጨምራችሁ ጣዱ። አረፋውንና የሚንሳፈፈውን ቆዳ እየገፈፋችሁ ጣሉ። ሎሚም ሆነ ቲማቲም ሳይለሰልስ አታስገቡበት፤ አሲድ ቆዳውን ያጠነክረዋል። የበሰለ የሚባለው በሁለት ጣት ስትጫኑት እንደ ቅቤ ሲዳጥ ነው። «ትንሽ ጠንከር ይበል» የሚባል ነገር ለሰላጣ እንጂ ለሑሙስ አይሠራም።

ሰሊጡን ራሳችሁ አዘጋጁ። የተፈተገ ነጭ ሰሊጥ፣ 200 ግራም፣ በለስላሳ እሳት ከአምስት እስከ ስድስት ደቂቃ አመሱ፤ ወርቅማ ሲል አውርዱ፤ ከቡናማ ካለፈ ይመራል፣ መራራውን ደግሞ ሎሚ አይሸፍነውም። ገና ትኩስ እያለ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር እንደ ወፍራም ቅባት እስኪፈስ ድረስ ፍጩት። ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ከአራት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር ወቅጣችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩት፤ ጥሬ ኃይሉ ይበርድለታል። ከዚያ 150 ግራም የሰሊጥ ቅባት ጨምሩበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል፦ ቅባቱ በድንገት ይጠጥርና እንደ ጭቃ ይያያዛል። አልተበላሸም፤ ውሃ ጎሎት ነው። በረዶ የገባበት ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እያፈሰሳችሁ ምቱት፣ ነጣ ብሎ ይፈታል። ሽምብራውን ሞቅ እንዳለ፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አስገብታችሁ እስከ አራት ደቂቃ ፍጩ። ከቀዘቀዘ በኋላ ስለሚወፍር ትንሽ ቀጠን ብሎ ይቅር። በቂጣ ይበላል፤ ለጾምም ይሆናል።

ታቡሌ የሚባለው ሰላጣ «ቡልጉር» ይጠይቃል። ቅንጬ ይተካዋል፣ ግን አንድ ልዩነት አለ፦ ቡልጉር ቀድሞ ተቀቅሎ የደረቀ ስለሆነ ተዘፍዝፎ ይበቃዋል፤ ቅንጬ ጥሬ ነው፣ መቀቀል አለበት። ቀቅላችሁ አጥልላችሁ ሰፊ ትሪ ላይ በትናችሁ አቀዝቅዙት። መጠኑም ይጠበቅ፤ ለሁለት ትልልቅ እስር ፐርስሊ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅንጬ። የቅጠል ሰላጣ ነው፣ የስንዴ አይደለም። ጨውና ሎሚ ሊቀርብ ሲል ብቻ፤ አለበለዚያ ቲማቲሙ ውሃውን ይለቅና ሳህኑ ሾርባ ይሆናል።

ዓሣው ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ፣ በጠዋት። ስንጥቡ (መተንፈሻው) ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለና ያበጠ፣ ሥጋው ሲነካ ተመልሶ የሚነሣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ምረጡ። በሎሚ ማጠብ ጥሩ ልማድ ነው፤ መዘፍዘፍ ግን ሥጋውን ያፍረከርከዋል። በጎንና በጎኑ ሦስት ሦስት ቦታ ሰንጥቁ፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ጨው አድርጉበት።

ቀጥሎ ያለው ከእኛ ልማድ ጋር የሚጋጭ ነውና ትኩረት ይፈልጋል። ወጥ ስንሠራ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት እናቁላላለን፣ እንዲጠቁርም እንፈልጋለን። እዚህ ተቃራኒው ነው። ሁለት ሽንኩርት በስሱ ተቆርጦ፣ በአራት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይትና በቁንጥር ጨው፣ በለስላሳ እሳት 15 ደቂቃ ይለሰልሳል እንጂ ቀለም አይይዝም። ከጠቆረ ጣዕሙ ወደ ወጥ ይሄዳል። አራት ቲማቲም ለሁለት ከፍላችሁ በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቁ፣ ቆዳው እጃችሁ ላይ ይቀራል። ከጦስኝና ከአንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ጋር ጨምራችሁ አሥር ደቂቃ አብስሉ፣ ዓሣውን አስተኙበትና ክደኑ። ግማሽ ኪሎ ያለው ዓሣ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፤ አከርካሪው አጠገብ በቢላ ስትነኩት ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ ከተላቀቀ አውርዱ። ኦቨን የግድ አይደለም።

ስለ ዘይቱ፦ የእኛ ወይራ፣ እንስራና ጣሳ የምናጥንበት፣ የዚያው ዛፍ ዘመድ ነው፤ ዘይቱ የሚጨመቀው ግን ፍሬው ትልልቅ ከሆነው ነው። ጠርሙሱ ላይ «ኤክስትራ ቨርጂን» የሚል፣ ጥቁር ብርጭቆ ውስጥ ያለ፣ የታሸገበት ቀን የቀረበ ይሁን። «ፖማስ» የሚለው ከጭማቂው ገለባ በኬሚካል የወጣ ነው፣ ለሰላጣ አይሆንም። አረንጓዴ ቀለም የጥራት ምልክት አይደለም። ውድ ስለሆነ ሽንኩርቱን በሌላ ዘይት አብስላችሁ፣ እሱን ሲወርድ ላዩ ላይ ብታፈሱት ጣዕሙ ይበልጥ ይታወቃል። ከእሳት አጠገብ አታስቀምጡት።

በየመጽሐፉ የሚጠየቀውን ፌታ፣ ጨዋማውን የግሪክ አይብ፣ የሀገር አይብ ሙሉ በሙሉ አይተካውም፤ የእኛው ያ ጨዋማነት የለውም። አይቡን በነጠላ ጨርቅ ቋጥራችሁ ሌሊቱን ካንጠለጠላችሁት፣ ለግማሽ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሦስት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ከመታችሁበት ግን በዘይትና በጦስኝ ሲቀርብ ሌላ ጥሩ ነገር ነው።

ስምንት እንግዳ ሲጠራ ይኸው ምግብ ይበቃል፣ ሑሙሱን እጥፍ፣ ዓሣውን አምስት። ሽምብራው ከዋዜማው ይዘፈዘፋል፣ አይቡም ያን ጊዜ ይንጠለጠላል። ሑሙሱና የቲማቲሙ ስጎ ጠዋት ያልቃሉ፤ ሑሙሱ ፍሪጅ ከገባ ከመቅረቡ አንድ ሰዓት በፊት ይውጣ፣ ቀዝቃዛ ሑሙስ ጣዕም የለውም። ትንንሾቹን ሳህኖች አስቀድማችሁ መሃል ላይ አስቀምጡ፣ ዓሣው ስጎው ላይ የሚተኛው ሰው ተቀምጦ ቂጣ መቁረስ ሲጀምር ነው።