በላማሌራ የቅዳሜ ገበያ እንዴት ገባሁ

ሴትየዋ የዘረጋሁላቸውን የሩፒያ ኖት አይተው ፈገግ አሉና ሙዛቸውን ወደ ራሳቸው ጠጋ አደረጉት። ያነሰባቸው መስሎኝ ሌላ ኖት ጨመርኩ። ያን ጊዜ በቤታቸው ያሳረፉኝ እናት ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ እዚህ ገንዘብ አይናገርም። ከባሕር ምን ይዘሃል?» አሉኝ። ከባሕር የያዝኩት ምንም ነገር አልነበረም። ባዶ እጄን ከጎናቸው ቆሜ ሌላው ሲለዋወጥ አየሁ።

ቦታው ዉላንዶኒ ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ በምሥራቅ ኑሳ ቴንጋራ ክፍለ ሀገር፣ በሌምባታ ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ የሚቆም የቅዳሜ ገበያ። እኔ ያረፍኩት እዚያው ዳርቻ ላይ ባለችው ላማሌራ በተባለች የዓሣ አዳኞች መንደር ነበር። ሦስት ሳምንት ቆየሁ፤ ሦስት ቅዳሜ ማለት ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ባዶ እጄን አልሄድኩም። እስከዚያ የሠራሁትንና የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ።

ላማሌራን ያወቅኳት በፎቶግራፍ ነው። ከጀልባ አፍንጫ ላይ ረጅም የቀርከሃ ጦር ይዞ፣ ክብደቱን ሁሉ ጦሩ ላይ ጥሎ፣ ወደ ዓሣ ነባሪ ጀርባ የሚዘል ሰው ነበር። ያን ሰው ላማፋ ይሉታል። ዮግያካርታ በተባለች የኢንዶኔዥያ ከተማ ለትምህርት በነበርኩበት ጊዜ ያ ምስል ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የአደን ወቅቱ የሚከፈትበትን ጊዜ ጠብቄ፣ ያጠራቀምኳትን ገንዘብ ይዤ ተነሣሁ። ዓሣ ነባሪ ሲወጋ ለማየት እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ገበያ የሚባል ነገርማ በእቅዴ ውስጥ ፈጽሞ አልነበረም።

መንገዱ ረጅም ነው። ፍሎሬስ ደሴት ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና እስከ ደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ላራንቱካ ድረስ። ከላራንቱካ መርከቡ በአዶናራና በሶሎር ደሴቶች መካከል አልፎ ወደ ሌዎሌባ፣ የሌምባታ ዋና ከተማ፣ ይወስዳል። ከሰሜን በኩል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በኃይል የፈነዳው ሌዎቶሎክ የተባለው እሳተ ገሞራ ይታያል። ከሌዎሌባ ወደ ላማሌራ ደግሞ የእንጨት አግዳሚ የተገጠመለት የጭነት መኪና አለ፤ ሰው፣ ሲሚንቶ፣ ዶሮ፣ የሩዝ ጆንያ ሁሉ አንድ ላይ ይጫናል። አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ ገጠር የገባ ሰው አይቸገርም። ጥሬ ገንዘብ ከሌዎሌባ ማውጣት ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን ኢንዶኔዥኛ የምችል መሆኔ ጠቀመኝ። የመንደሩ ሰው እርስ በርሱ በላማሆሎት ቋንቋ ቢያወራም በኢንዶኔዥኛ ሁሉም ያናግራል። ቋንቋ ሳልችል ሄጄ ቢሆን ኖሮ ፎቶ አንስቼ እመለስ ነበር እንጂ ሌላ ነገር የሚገባኝ አይመስለኝም።

መንደሯ ከላባሌካንግ ተራራ ሥር ጥቁር ድንጋይ ላይ ተንጠላጥላለች። ከላይ ላማሌራ አታስ፣ ከታች ላማሌራ ባዋ። የሚታረስ መሬት የለም ማለት ይቻላል። በአንጻሩ ባሕሩ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ጥልቅ ይሆናል፤ ከፓስፊክ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚሻገረው ውኃ በእነዚህ ደሴቶች መካከል ነው የሚያልፈው፣ ከጥልቁ የሚኖረው ጥርሳሙ ዓሣ ነባሪም እዚህ ያልፋል። ኮተክለማ ይሉታል። ወደ ተራራው ስትወጡ ደግሞ በቆሎ፣ ካሳቫ፣ ሙዝ የሚያበቅሉ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ባሕር የላቸውም። ባሕርተኛው እህል የለውም፣ ገበሬው ሥጋ የለውም። የዉላንዶኒ ገበያ የቆመው በዚህ መካከል ነው። ይህን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ የካሜራ ነበር። የአደን ወቅቱ ሌፋ ይባላል፤ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ይቆያል። የሚከፈተው ሜይ 1 ቀን፣ በባሕሩ ዳር ባለችው የቅዱስ ጴጥሮስ ጸሎት ቤት ፊት በሚደረግ ቅዳሴ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 23 መሆኑን ሳስተውል ልቤ ደነገጠ፤ አገር ቤት ጊዮርጊስ የሚነግሥበት ቀን። የላማሌራ ሰዎች ካቶሊኮች ናቸው፤ ሚሲዮናውያን እዚያ የደረሱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ከቅዳሴው በፊት ግን የቀደመ ሥርዓት አለ። የምድሩ ባለቤት የሚባሉት ጥንታዊ ነገዶች ሽማግሌዎች ወደ ተራራው ወጥተው፣ ዓሣ ነባሪ ይመስላል በሚባል ድንጋይ ዘንድ ቃል አድርገው፣ ዓሣ ነባሪውን ወደ ባሕሩ እየጠሩ ይወርዳሉ። በዋዜማውም በባሕር ላይ ለቀሩት ሙታን ይጸለያል፣ ሻማም ይበራላቸዋል።

በዚያ የሙታን ጸሎት ላይ ማንንም ሳልጠይቅ ካሜራዬን አነሣሁ። አንድ አዛውንት ምንም ሳይናገሩ መዳፋቸውን ሌንሱ ላይ አኖሩ፤ ካሜራዬንም አልነጠቁኝም፣ አልተቆጡኝም። እጃቸውን ብቻ እዚያው አቆዩት። በኋላ እንደተረዳሁት ባሕር ላይ የቀረ ወንድም ነበራቸው። እዚያ ዳርቻ ላይ ከቆመው ሕዝብ መካከል በባሕር ሰው ያልጎደለበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተወጋ ዓሣ ነባሪ ጀልባዎችን ጎትቶ ከደሴቱ እጅግ አርቋቸው፣ ቀዛፊዎቹ ቀናት በባሕር ላይ ከተንገላቱ በኋላ በሚያልፍ የቱሪስት መርከብ ነው የተረፉት። ከዚያ ምሽት በኋላ ካሜራዬን ለአንድ ሳምንት ከቦርሳ አላወጣሁትም። ማድረግ ካለብኝ ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነበር፤ እጄ ባዶ ሲሆን ሰው ሥራ ሰጠኝ። ገመድ ያዝ፣ ግንዱን ግፋ፣ ልጁን ያዝልኝ።

ጀልባዎቹን ልንገራችሁ። ቴና ይሏቸዋል። ሳንቃው በእንጨት ችንካር የተያያዘ ነው፣ ሚስማር የሚባል የለበትም። ሸራው ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሰሌን ነው፤ ሴት አያቶቻችን ከሚሠሩት ሰሌን ብዙም አይለይም። እያንዳንዱ ቴና የአንድ ነገድ ቤት ነው፣ ስም አለው፣ ሲያረጅም እንጨቱ እየተተካ ስሙ ይቀጥላል። ባሕሩ ዳር የሣር ክዳን ባላቸው መጠለያዎች ውስጥ በተርታ ተቀምጠዋል። ጠዋት ጠዋት በደርዘን የሚቆጠሩ ወንዶች በዜማ እየተቀባበሉ ጀልባውን በግንድ ላይ ወደ ውኃው ይገፋሉ። ትከሻዬን ሰጥቼ ስገፋ ሰነበትኩ። አሁን አሁን ጆንሰን የሚሏቸው ባለ ሞተር ጀልባዎች ቴናውን ጎትተው ያወጣሉ፤ ሲጀመር ጆንሰን የሞተሩ ስም ነበር፣ አሁን የጀልባው ሆኗል።

ሁለተኛው ስሕተቴ ጥያቄ ነበር። በየጠዋቱ «ዛሬ ይገኝ ይሆን?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። ማንም አይመልስልኝም። አንድ ማታ ማማ፣ ያሳረፉኝን እናት ማለቴ ነው፣ አስቀምጠው አስረዱኝ። ወደ ባሕር የሚወጣ ሰው አፉን ይጠብቃል፤ አንዳንድ ነገሮች ባሕር ላይ በስማቸው አይጠሩም። በቤቱ ጠብ ያለበት ሰው፣ ከሚስቱ ወይም ከወንድሙ የተኳረፈ ሰው፣ ሳይታረቅ ጀልባ ላይ አይወጣም፤ ቢወጣ ጦሩ ይስታል ወይም ሰው ይጎዳል ይላሉ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ትቼ መስማት ጀመርኩ። በስንት ቀን ውስጥ ስንት ዕርቅ አየሁ መሰላችሁ። የወሰን ጠብ፣ የብድር ጠብ፣ በአጥር የተጣሉ ጎረቤቶች። ሌፋ ከገባ ሁሉም ቶሎ መፈታት አለበት።

በሁለተኛው ሳምንት ከተራራው ላይ «ባሌዎ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቃሉ ዓሣ ነባሪ ታየ ማለት ነው፤ ከቤት ቤት እየተቀባበለ በደቂቃ ውስጥ መንደሩን አዳረሰው። ወንዶቹ ያላቸውን ሥራ ጥለው ወደ ባሕሩ ሮጡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ዳርቻው ላይ ቀረሁ። ጀልባዎቹ ነጥብ እስኪሆኑ፣ ነጥቡም እስኪጠፋ ተመለከትን። ማንም አያወራም ነበር። ሲመሽ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እንስሳው ወደ ጥልቁ ወርዶ ሌላ ቦታ ወጥቶባቸው ነበር። ማዘኔ ፊቴ ላይ ሳይታይ አልቀረም፤ ባፓ፣ የቤቱ አባወራ፣ ጨዋማ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው «ሁሉም ተመልሷል» አሉኝ። እኔ የዓሣ ነባሪውን ስቆጥር እሳቸው የሰዎቹን ይቆጥሩ ነበር።

ዓሣ ነባሪ ሲወጋ ሳላይ ተመለስኩ። አሁን አይቆጨኝም። የክፍፍሉን ሥርዓት ግን ቁጭ ብዬ ተማርኩ። ኮተክለማ ሲገኝ ሥጋው በዘፈቀደ አይበለትም፤ የእንስሳው አካል በካርታ የተከፋፈለ ያህል ነው። ይህ የቀዛፊዎቹ፣ ይህ የጀልባው ባለቤት ነገድ፣ ይህ የምድሩ ባለቤቶች፣ ይህ ጀልባውን ላነጸው አናጢ፣ ይህ የጦሩን ብረት ለቀጠቀጠው፣ ይህ ሸራውን ለሠራው። ባሕር ያልወጡትም በዝምድና ከቤት ቤት ይደርሳቸዋል። ባል የሞተባት ሴት ደጃፍ ሳይደርስ የሚቀር ነገር እንደሌለ ማማ በኩራት ነገሩኝ። ተመራማሪዎች በ15 ትንንሽ ማኅበረሰቦች ውስጥ ያደረጉት አንድ ጨዋታ አለ፦ ለአንድ ሰው ገንዘብ ይሰጠውና ለማያውቀው ሰው ምን ያህል እንደሚያካፍል ይጠየቃል፤ ተቀባዩ አልፈልግም ካለ ሁለቱም ያጣሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲታተም የላማሌራ ሰዎች ያካፈሉት በአማካይ ከግማሽ በላይ ነበር። ይህን ዮግያካርታ ሆኜ ሳነብ ቁጥር ብቻ መስሎኝ ነበር።

ስለ አደኑ ራሱ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እኔም ሳልጠይቅ አልቀረሁም። በሞተር ከሚነዳ የፋብሪካ መርከብ ጋር አንድ አድርጎ መፍረድ ግን ፍትሕ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ሰማያዊውን ዓሣ ነባሪ አይነኩም፤ አያቶቻቸውን በባሕር አድኗል ይላሉ፣ እሱን መውጋት ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢንዶኔዥያ ማንታ የተባለውን ክንፋም ዓሣ በሕግ ስትጠብቅ ዱብ ዕዳው እነሱ ላይም ወደቀ፤ ማንታ በዚያ ዳርቻ ለብዙ ትውልድ የተበላ ዓሣ ነው። ሕጉ ለማንታው እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ሕጉን የሚያወጣው ሰው ግን አንድ ቅዳሜ ዉላንዶኒ ቁጭ ቢል እመኛለሁ።

ታዲያ ገበያው ውስጥ እንዴት ገባሁ? በጆንሰን ነው። ባሌዎ በሌለበት ጊዜ ጆንሰኖቹ በማታ መረብ ይጥላሉ። ባፓ ይዘውኝ እንዲወጡ ለመንኳቸው፤ ሦስት ሌሊት ወጣሁ። ሥራዬ መረብ መሳብ ብቻ ነበር። መዳፌ በሁለተኛው ሌሊት ተላጠ። በሦስተኛው ሌሊት ጎህ ሲቀድ ዓሣው አሸዋው ላይ ሲከፈል አንድ ትንሽ ክምር ለብቻው ተቀመጠች። የማን እንደሆነች ጠየቅኩ። የኔ ነበረች።

ማማ አንዷን ለራት አስቀሩና የቀሩትን እንዴት እንደምሰነጥቅ፣ ጨው እንደምነሰንስ፣ በቀርከሃ ቆጥ ላይ እንደማሰጣ አሳዩኝ። በቀን ሁለቴ መገልበጥ አለበት፣ ማታ ማታ ከጤዛ መግባት አለበት። ውሻና ድመት ስጠብቅ ዋልኩ። በየምሳው የምንበላው ቅጠል ሽፈራው መሆኑን ያወቅኩትም በዚያ ሳምንት ነው፤ ዝርያው ኮንሶ ከሚበላው ቢለይም ከሩቅ ስመለከተው ዘመድ ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ።

ሦስተኛው ቅዳሜ በጨለማ ተነሣን። ሴቶቹ የደረቀ ሥጋና ዓሣ በሳፋ ተሸክመው በራሳቸው ላይ ያለ እጅ ድጋፍ ይጓዛሉ፤ የኔን በከረጢት ያዝኩት። ገበያው ስንደርስ የተራራው ሴቶች በአንድ ወገን፣ የባሕሩ ሴቶች በሌላው ተቀምጠዋል። የገበያው ኃላፊ ቀረጡን ሰብስቦ ፊሽካውን እስኪነፋ ድረስ ማንም አይለዋወጥም። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሣ። መስፈሪያው ሙንጋ ይባላል፤ ስድስት ፍሬ ማለት ነው። ስድስት ሙዝ አንድ ሙንጋ፣ ስድስት ራስ በቆሎ አንድ ሙንጋ። ሲለዋወጡ ድምፅ ከፍ አያደርጉም። ዓሣውን ታነሣለች፣ ታሸተዋለች፣ ሙንጋውን ታስቀምጣለች፤ ሌላዋ ራሷን ትነቀንቃለች ወይም ዝም ትላለች።

መጀመሪያ በቆሎ ለወጥኩ። ማማ ለጃጉንግ ቲቲ ፈልገውት ነበር፤ ፍሬው በሸክላ ይቆላና ገና ትኩስ ሳለ በጣት እየተነሣ፣ ድንጋይ ላይ ተደርጎ በሌላ ድንጋይ አንድ ጊዜ ተመትቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ለቆሎ ያደገ ጥርስ ወዲያው ይወደዋል።

በመጨረሻ የቀረችኝን አንዲት ዓሣ ይዤ ወደዚያች የመጀመሪያዋ ሴት ሄድኩ። አስታውሰውኛል። ዓሣውን ተቀብለው አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ ከሳፋቸው ውስጥ አኖሩት። ከዚያ ሙዙን ቆጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስድስተኛው አልነበረም። ወደ ማማ ዞረው በላማሆሎት አንድ ነገር ተናገሩ። ማማ ተረጎሙልኝ፦ «አንዱ ይቀርብኛል፣ በሚመጣው ቅዳሜ ይውሰድ» ነው ያሉት። ሰኞ እንደምሄድ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ማማ ቀደሙኝ።

«የሱን እኔ እቀበልለታለሁ» አሉ።